ቅመሙ የለም

ከህንድ ከተመለስኩ ጀምሮ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ያን እዚያ የተማርከውን ምግብ መቼ ነው የምታበላን?» መልሴም ሁሌ አንድ ነበር። «ቅመሙ የለም።»

ውሸቴን ነው። ቅመሙ ሞልቷል። መርካቶ በርበሬ ተራ ለግማሽ ሰዓት የዞረ ሰው የህንድን ማጀት ሦስት አራተኛ በፌስታል ይዞ ይወጣል። እነሱ ሃልዲ የሚሉት የእኛው እርድ ነው። ጂራ ከሙን ነው፣ ዳኒያ ድንብላል ነው፣ ሜቲ አብሽ ነው፣ ኢላይቺ ደግሞ ሄል። በዘይት ውስጥ የሚያንጣጡት ጥቁር ፍሬ የሰናፍጭ ዘመድ ነው። ሁመርን እንኳ፣ ያ ድሬዳዋና ሐረር ጭማቂ የሚሆነውን ጎምዛዛ ፍሬ፣ ፈላጊ አያጣውም። ዓረቦች «ተምር ሂንዲ» ብለው የህንድ ተምር አደረጉት፣ ፈረንጆቹም ስሙን ከእነሱ ወሰዱ፤ ዛፉ ግን ትውልዱ እዚሁ አፍሪካ ነው። በተቃራኒው የእኛ የእኛ እያልን የምንፎክርበት በርበሬ፣ ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከመድረሱ በፊት እኛም ጋ እነሱም ጋ አልነበረም። ማን ከማን እንደወሰደ መቁጠር ከጀመርን አናበቃም።

ስለዚህ ቅመሙ አለ። የሌለው ሌላ ነገር ነበር።

ጓደኞቼ አራት ናቸው፤ ከአንድ ሰፈር ነው የወጣነው። «ስማችንን ከጻፍክ ውርድ ከራስህ» ስላሉኝ በሥራቸው ልጥራቸው። ነርሷ፣ ባንከሯ፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ እና በሦስት ዓመት ስለሚበልጠን ብቻ ዕድሜ ልኩን አዛዣችን የሆነው መሐንዲስ። እሱን «ትልቁ» ነው የምንለው።

* * *

ህንድ የሄድኩት በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ለማስተርስ ነው። ከተማው ቪሳካፓትናም ይባላል፤ ሰው ሁሉ አሳጥሮ ቫይዛግ ይለዋል። የአንድራ ፕራዴሽ ግዛት የባሕር ዳር ከተማ ነው፣ የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ላይ። አንድራ ዩኒቨርሲቲ ስትደርሱ አማርኛ መስማታችሁ አይቀርም። ከእኛ በፊት አስተማሪዎቻችን እዚያ ዶክትሬታቸውን ሠርተዋል፣ ከእነሱ በፊት ደግሞ የህንድ አስተማሪዎች እዚህ መጥተው እናቶቻችንን ሒሳብ አስተምረዋል።

እናቴ ከተማሩት አንዷ ናት። «አስተማሪያችን ጭንቅላቱን ሲያወዛውዝ አዎ ይሁን አይደለም ሳይገባን ዓመቱ አለቀ» ትል ነበር። ስለ ህንድ የምታውቀው ሁለት ነገር ነው፣ እሱንና «ማዘር ኢንዲያ» የተባለውን ፊልም። ናርጊስ የተወነችበት፣ መጨረሻ ላይ እናትየው የገዛ ልጇን ተኩሳ የምትገድልበት። በልጅነቷ አይታው ሦስት ቀን አለቀሰች። ስኮላርሺፑ ሲመጣልኝ የመጀመሪያ ቃሏ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? «ልጇን የገደለችዋ ሴትዮ አገር?»

ማብሰል አልችልም ነበር። እናቴ ማጀት አታስገባኝም። በሩ ላይ ብቅ ካልኩ «ውጣ! ወንድ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል?» ለወንድነቴ አስባ ይሁን ለድስቷ እስካሁን አላውቅም። እንቁላል ጠብሼ እንኳ አላውቅም ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቴ ማለቴ ነው።

የተከራየሁት ክፍል ከአንዲት ባሏ ከሞተባት አሮጊት ቤት በላይ ነበር። አንቲ ነው የምላት፤ እዚያ ሁሉም ሴት አንቲ ናት። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል ቤቷ አይገባም። በየማታው ደረጃው ሥር ቆማ ትጮሃለች፦ «ናና! ቲናቫ?» ቴሉጉ ነው። ቲናቫ «በላህ?» ማለት ነው። ናና ደግሞ አባት። ልጅን በፍቅር ሲጠሩት «አባት» ይሉታል። የገዛ እናቴ «አባቴ፣ በላህ?» እያለች ካሳደገችኝ በኋላ፣ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይሁን ስንት በርሬ ሄጄ ያንኑ ጥያቄ ከደረጃ ሥር ስሰማ ምን እንደተሰማኝ መናገር ይከብደኛል። ለጊዜው ግን የተሰማኝ ረሃብ ነው።

በብረት ሳህን ትልክልኛለች። ሳህኑን ባዶውን መመለስ ነውር እንደሆነ ከቤት ስለማውቅ ስኳር፣ ሙዝ፣ ብስኩት እያደረግኩ እመልሳለሁ። ከወር በኋላ ሙዙ ራሱ አሳፈረኝ። አንድ ቀን «አስተምሪኝ» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ድስት አስያዘችኝ።

የአንቲ ትምህርት ሚዛንም ሰዓትም የለውም። ሁሉም በድምፅ ነው። ምስሩ ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ፉጨት ትቆጥራለህ። ምስር ሦስት ፉጨት። ሽምብራ ከሆነ ሰባት። ፈተና እያጠናሁ ከታች «ናና! ስንት ፉጨት ሆነ?» ትለኛለች፤ ካልቆጠርኩ ጉዴ ነው። ሰናፍጩ መንጣጣት ሲጀምር ከሙኑን፤ መንጣጣቱ ጋብ ሲል ደረቅ ቃሪያውን፤ የካሪ ቅጠሉ ሲገባ ዘይቱ ይጮኻል፣ ያኔ ዞር በል።

ከእኛ ጋር የሚለየው ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። የእኛ ወጥ ከሽንኩርት ይጀምራል። ዘይት ሳይነካው ደረቁን ታቁላላዋለህ፣ ከዚያ ዘይቱ፣ በርበሬው፣ ጠብ ጠብ እያልክ ውኃ፤ ሰዓቱን ሙሉ ከድስቱ ጋር ትከርማለህ። ቅመሙ ቀስ ብሎ ነው የሚዋሐደው። የአንቲ ፓፑ (ፓፑ ክክም ነው፣ ወጡም ነው) መጀመሪያ ምንም የለውም። እርድና ውኃ፣ የሕሙም ምግብ ይመስላል። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው በትንሽ መጥበሻ ዘይት አግለህ፣ ቅመሙን ለአፍታ አንጣጥተህ፣ ከነትኩሳቱ ላዩ ላይ የምትደፋው። ሰሜኖቹ ታድካ ይሉታል፣ እነ አንቲ ፖፑ። ቺስስስ ብሎ ቤቱን በአንድ ጊዜ ይሞላዋል። ከዚያ ክዳኑን ግጥም።

አንድ ጊዜ አንቲን ከእናቴ ጋር በስልክ አገናኘኋቸው። አንዷ በቴሉጉ፣ አንዷ በአማርኛ። አሥር ደቂቃ አወሩ። ምን እንዳወሩ ሁለቱም አያውቁም፤ ሲስቁ ግን እኩል ነው የሳቁት። አንቲ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቬንካቴስዋራ እንደምትጾም፣ ሥጋም በልታ እንደማታውቅ ለእናቴ ነገርኳት። በጣም ተደነቀች። «ዕድሜዋን ሙሉ ጾመኛ? ተመስገን፣ ደህና ሰው እጅ ጥሎሃል።» ከዚያ ወተትና እርጎ ግን እንደምትበላ ስነግራት ዝም አለች። «ወተት እየጠጡ ደግሞ የምን ጾም ነው!»

ማብሰል መጀመሬን ግን አልነገርኳትም። ስመለስ ላስደንቃት ነበር። ማጀት ገብቼ፣ እሷን በርጩማ ላይ አስቀምጬ።

* * *

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው እናቴ በስልክ መጥፋት የጀመረችው። ስማርት ስልክ አልነበራትም፤ የምናወራው በእህቴ በኩል ነው። «ጸበል ሄዳለች፤ እዚያ ኔትወርክ የለም።» ከዚያ «ከጸበሉ ወደ ጎጃም ዘመድ ጥየቃ አለፈች።» ከዚያ «ስልኩ ወድቆ ተሰበረ።» ከዚያ «ጉሮሮዋን ይዟታል፣ ድምፅ የላትም፣ ግን ሰላም በለው ብላሃለች።»

አሁን ይህን የምታነቡ ሁሉ ገብቷችኋል። በዚህ አገር ያደገ ሰው ገና «ጸበል ሄዳለች» ሲባል ይገባዋል። እኔም ስለ ሌላ ሰው ቢነገረኝ በአንድ ጊዜ ይገባኝ ነበር። በራስ ሲሆን ግን ጆሮ የሚፈልገውን ነው የሚሰማው። ኔትወርክ ስለሌለው ጸበል ኢትዮ ቴሌኮምን ስረግም ትዝ ይለኛል።

ጓደኞቼ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከመቼውም በላይ ይደውሉልኛል። ቴሌግራም ላይ አምስታችን ያለንበት ግሩፕ አለ፤ ቀልድ፣ ቪዲዮ፣ ኳስ፣ ምናምን። ባንከሯ በየጠዋቱ «እንዴት አደርክ» ትላለች፣ እሷ የልደት ቀን እንኳ የማታስታውስ ሰው። እኔ ደሞ የማበስለውን እያነሳሁ እልካለሁ። እነሱ ያደንቃሉ።

ሰኔ ላይ ተመለስኩ። አውሮፕላኑ ጎህ ሲቀድ ቦሌ አረፈ። አራቱም መጥተው ነበር። አራቱም በዚያ ሰዓት፣ በዝናብ። ትልቁ ሲያቅፈኝ ቶሎ አልለቀቀኝም። መኪና ውስጥ ማንም ሬዲዮ አልከፈተም። ሰፈራችን መታጠፊያ ስንደርስ አጥራችን ጋ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመው አየሁ፣ የዕድራችን ዳኛ ከፊት። ከመኪናው ወርጄ እንደሆነ ወይም አውርደውኝ እንደሆነ አላስታውስም።

ያረፈችው በአስተርዮ ማርያም፣ ጥር 21። አምስት ወር አልፏታል።

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፣ አውቃለሁ። ሰው በባዕድ አገር ብቻውን አይረዳም፤ የሚይዘው ሰው ሳይኖር፣ የሚያለቅስበት ትከሻ ሳይኖር። እኔ ራሴ ለሌላ ሰው መርዶ ነጋሪ ሆኜ ሄጃለሁ። ነገሩ ለምን እንደተፈጠረ ይገባኛል። ይገባኛል፣ ግን ደግሞ ከለቅሶው በኋላ አንድ ሌሊት ስልኬን ከፍቼ ቀን መቁጠር ጀመርኩ። መቁጠር አልነበረብኝም።

አርባዋ የዋለው የካቲት 30 ነው፣ ቅዳሜ። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ተዝካሩ በጾም ምግብ ነው የወጣው። ስልኬ ላይ ያንን ቀን ሳየው አንድ ፎቶ አለ። የብረት ሳህን፣ ነጭ ሩዝ፣ ላዩ ላይ ቢጫ ፓፑ። ለክፍል ጓደኞቼ አብስዬ፣ ለግሩፑ የላክሁት። «ሼፍ ነኝ!» ብዬበታለሁ። ከሥሩ አራት መልስ አለ። ሞባይል ጠጋኙ እሳት ልኳል። ነርሷ ልብ። ትልቁ ደግሞ፦ «ዋው! ስትመጣ ታበላናለህ።»

ድንኳን ውስጥ ሆኖ ነው የጻፈው። እንግዳ እያስተናገደ። የእናቴን ምስር ወጥ እያዞረ።

ስለዚህ ነው ቅመሙ የጠፋው።

አልተጣላንም። ለመጣላት ምን ብዬ እጀምራለሁ? እነሱ ያለቀሱላት፣ የቀበሯት፣ እህቴን በየሳምንቱ የጠየቁ ሰዎች ናቸው። ቡናውም፣ ሠርጉም፣ ለቅሶውም አብረን ነው። ያን ምግብ ብቻ አላበስልላቸውም። የተቀየምኩት ይልቅ አጎቴን ነበር፤ እንዳይነገረው ያለው የቤተሰቡ ትልቅ እሱ ነው ብዬ ገምቼ። ሁለት ፋሲካ አልጠየቅኩትም።

አንቲን ደውዬ ነግሬያታለሁ። ብዙ አልተናገረችም። ስልኩ ውስጥ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ቆይታ «ናና፣ ቲናቫ?» አለችኝ።

* * *

ነርሷ የውጭ አገር ሥራ ተሳካላትና ታኅሣሥ ላይ በረራዋ ተቆረጠ። የስንብት ምን እናድርግልሽ ስንላት ወደ እኔ ዞረች። «የህንድ ምግብ። ቅመሙ የለም እንዳትለኝ፣ እኔ እገዛዋለሁ።» እምቢ ማለት አልተቻለም። ታኅሣሥ 12፣ 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ የእኔ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ።

ጾመ ነቢያት ስለነበር ነገሩ ቀለለ። ሞባይል ጠጋኙ ሙስሊም ነው፤ የጾም ምግብ ሲሆን የዶሮው አራጅ ማን ነበር የሚባል ጣጣ የለም፣ ሁላችንም ከአንድ ድስት እንበላለን። የቀረብን እርጎው ነው። አንድራ ውስጥ ማዕድ የሚዘጋው በእርጎና በሩዝ ነው፤ አፍህ ውስጥ ያለውን ቃጠሎ ያጠፋል። (እና ቃጠሎ ስላችሁ፣ ጉንቱር የሚባለው የቃሪያ አገር እዚያው ክልል ውስጥ ነው። እኛ ሚጥሚጣ የለመድን ነን ብሎ የሚሄድ ሐበሻ በመጀመሪያው ሳምንት ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ያው እኔው ነኝ።)

ሦስት ነገር አሰብኩ። ፓፑ በምስር ክክ፣ ምክንያቱም እነሱ የሚጠቀሙትን የርግብ አተር ክክ ስፈልግ አልዋልኩም። ደበርጃን በኦቾሎኒና በሰሊጥ። እና ፑሊሆራ፣ ሩዝ በሁመርና በእርድ፤ ቤተ መቅደስ ውስጥ ለምእመናን የሚታደል ምግብ ነው። የካሪ ቅጠል በሻንጣዬ ያመጣሁት አምስት ዓመት ሞልቶት ሽታው ጠፍቷል፣ ገለባ ሆኗል። ቢሆንም አደረግኩት። አንቲ ብታይ ትገርፈኝ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ግማሽ የበሰለ ሩዝ ምድጃ ላይ እያለ። ለጎረቤቴ ምስጋና ይግባትና ቡታጋዟን ከነሲሊንደሯ አራት እጅ ሆነን ወደ እኔ ቤት ጎተትነው፤ «ወንድ ልጅ ሲያበስል ሻማ ማብራት ግድ ነው» እያለች። የፕሬዠር ኩከሩን ፉጨት በጨለማ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ሰናፍጩን ዘይት ውስጥ ስጨምረው ክዳን ስለረሳሁ ግድግዳውንም ግንባሬንም ነጠበው። ቤቱ በዚያ ሽታ ተሞላ፣ እኔም አንድ አፍታ ከቡታጋዙ ዞር ብዬ መቆም ነበረብኝ። ጭሱ ነው፣ አልኩ ለራሴ። ጭሱም ነበር።

እንግዶቼ በሻማ ደረሱ። ሞባይል ጠጋኙ ድስቱን በስልኩ መብራት አይቶ ቀና አለ። «ይሄ እኮ ምስር ክክ ነው።»

«ፓፑ ይባላል።»

«አምስት ዓመት ያስጠበቅኸን ለምስር ክክ ነው?»

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። እኛ በእጁ የሚበላ ሕዝብ ነን፤ እንጀራውን ቆርሰን፣ ወጡን ጠቅልለን፣ ጎረስ። ሩዝ ሲመጣ ግን ሁላችንም ፈረንጅ እንሆንና ማንኪያ እንጠይቃለን። ማንኪያ የለም አልኳቸው። ሩዙና ፓፑው በጣት ጫፍ ተለውሶ፣ በአራት ጣት ተይዞ፣ በአውራ ጣት ወደ አፍ እንደሚገፋ አሳየኋቸው። ባንከሯ ሁለት ጊዜ ሞክራ ሦስተኛው ላይ ቀሚሷን አቢጫት። ትልቁ አልሞከረም፤ ወርዶ ከታች ካለው ሱቅ አምስት እንጀራ ገዝቶ መጣና በጸጥታ በእንጀራ በላው። ነርሷ ለሁሉም ጉርሻ ልስጥ አለች። የሩዝ ጉርሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግማሹ አንገት ውስጥ ነው የሚገባው። ስንስቅ ጎረቤቴ ግድግዳ እስክትደበድብ ድረስ ነበር።

ፑሊሆራው ጎምዝዟል፣ ሁመሩን አብዝቼዋለሁ። ደበርጃኑ ግን አለቀ።

እንግዲህ ሳቁ ጋብ ሲል ነው፣ እኔ ራሴ ሳላስበው፣ «ይህን ምግብ እኮ ታውቁታላችሁ» ያልኩት። «ፎቶውን ልኬላችሁ ነበር። የካቲት 30።»

ቀኑን ማብራራት አላስፈለገኝም። ባንከሯ እጇን ከሳህኑ አነሳች።

«ማን ነው እንዳይነገረው ያለው?» አልኩ።

የእህቴን ስም፣ የአጎቴን ስም ጠበቅኩ። ሻማው ይነጠባል። «እኔ ነኝ» አለ ትልቁ። እንጀራው እጁ ላይ ነበር። «እህትህ ልትነግርህ ስልክ አንስታ ነበር። እኔ ነኝ የተቀበልኳት። አጎትህ እንደውም ይነገረው ነበር ያለው።»

ሁለት ፋሲካ፣ አልኩ በልቤ።

«አምስት ወር ነበር የቀረህ» አለ። «ብትመጣ አትመለስም ነበር። አውቅሃለሁ። ትምህርቱ ቀልጦ ይቀር ነበር።»

«እቀብራት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም። ሁለታችንም ሳህን ሳህናችንን አየን። ሞባይል ጠጋኙ ነው የተናገረው፣ ወደ እሱ ሳያይ። «ያን ቀን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሬሳውን ሲሸከም ትከሻ ልቀይርህ ብንለው እምቢ አለን። ዳገቱን ሁሉ። በእሱ ቦታ ነው የገባሁት አለ፣ እሱ ቢኖር አይቀየርም ነበር።»

«ተው ባክህ» አለው ትልቁ።

ከዚያ ነርሷ ማልቀስ ጀመረች፤ ለዚህ ወሬ ግን አልነበረም። «እኔም አንድ ነገር አለኝ» አለች። «ሳልነግርህ ከሄድኩ አይሆንም።»

እናቴ ድንገት ነው የሞተችው ተብዬ ነበር። ደም ግፊት፣ በአንድ ጊዜ፣ ሳትሰቃይ። ነርሷ የነገረችኝ ሌላ ነው። ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝታለች። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሎ፣ አፏ ተሳስሮ፣ አእምሮዋ ግን ሙሉ። ነርሷ የአዳር ሥራዋን እየጨረሰች አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። በሁለተኛው ቀን፣ ጥር 20፣ ግሩፑ ላይ ፎቶ ገባ። እኔ ነኝ የላክሁት፤ ያኔም ፓፑ ነው። ነርሷ ስልኩን ወደ እናቴ አዞረችው። «ልጅሽ እኮ አበሰለ።»

«ሦስት ቀን?» አልኩ። ሌላው ሁሉ አልገባኝም። «ሦስት ቀን ነበረች?»

«ስልክ ልደውልለት ብያት ነበር» አለች። «በደህናዋ እጇ መለሰችብኝ። ድምጿን እንድትሰማው አልፈለገችም።»

ማንም አልተናገረም። ሦስት ቀን ብዙ ነው። በሦስት ቀን ከቫይዛግ ሙምባይ፣ ከሙምባይ አዲስ አበባ ይደረሳል፤ ተርፎም ያድራል። እስከ ዛሬ እያሰላሁት ነው፣ በረራ በበረራ።

«ፎቶውን ስታየው ምን አለች?» አልኩ በመጨረሻ።

ነርሷ አፍንጫዋን ጠረገች። «ለዚህ እኮ ነው ያልነገርኩህ። ምን ብዬ ልንገርህ? ሰው ደህና ቃል ይጠብቃል፣ ምርቃት ምናምን።»

«ምን አለች?»

«ብዙ አየችው። አቅርቢው አለችኝ፣ አቀረብኩላት። ከዚያ በዚያ በተሳሰረ አፏ፣» ነርሷ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር፣ «‹ዘይት በዛበት› አለች።»

መጀመሪያ የሳቀው ትልቁ ነው።

* * *

መብራቱ የመጣው እነሱ ሊሄዱ ሲነሱ ነው። ለነርሷ እርድ፣ አብሽና ድንብላል በሦስት ትንንሽ ጠርሙስ አድርጌ ሰጠኋት፤ እዚያ ቅመሙ የለም እንዳትል። ትልቁ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ፣ የሆነ ነገር ሊል አሰበና «ፑሊሆራው ጎምዝዟል» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። ወረደ።

በማግስቱ እሑድ ነው። አጎቴ ጋ ልሄድ ነበር። ከመውጣቴ በፊት የተረፈውን ፓፑ ላሞቅ ድስቱን ከፈትኩ። ሌሊቱን አድሮ ክኩ ዘቅጧል፣ ቃሪያዎቹ ጥግ ይዘዋል፣ ላዩ ላይ ዘይቱ ተንሳፎ ያብረቀርቃል። በማንኪያ ቀዳሁለት። ሁለት ማንኪያ። ሦስት። አራት። ከዚያ አሞቄ በቆመብኝ እንጀራ በላሁና ወጣሁ።